ሳይሞክሩ አይምረጡ

ጎንደር ውስጥ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ? በቅዳሜ ቀን ገበያውንም ሥራውንም ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። አስረኛ ክፍል ሲያልቅ ልጆቻችሁ አንድ ምርጫ ያደርጋሉ። ናቹራል ወይስ ሶሻል? በዚያች ምርጫ አንዱ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይዞ ይቀጥላል። ሌላው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይዞ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የትኛውን ትምህርት ክፍል መጠየቅ እንደሚችሉም የሚወሰነው ያኔ ነው። ምርጫውን የሚያደርገው ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ ነው።

እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አስራ አንደኛ ክፍል ገብተው ፊቴ የተቀመጡትን ልጆች "ለምን ናቹራል መረጣችሁ?" ብዬ የመጠየቅ ልማድ አለኝ። "ጓደኞቼ ስለገቡ" ይሉኛል። "ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ነው የሚገባው" ይሉኛል። "አባዬ ዶክተር እንድሆን ስለሚፈልግ" የሚሉም ብዙ ናቸው። ሶሻል የገቡትን ስጠይቅ ደግሞ "ሒሳብ ስለምፈራ" የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሶሻልም ሒሳብ አለው። በ12ኛ ክፍል ፈተናም ይመጣል። ልጁ ይህን የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው።

"ሞክሬው ወደድኩት" ብሎ የመለሰልኝ ልጅ ግን በጣም ጥቂት ነው። በልጆቹ አልፈርድም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ድልድይ እንዴት እንደሚሰላ አይቶ የማያውቅ ልጅ ኢንጂነር መሆን እፈልጋለሁ ሲል የሚፈልገው ስሙን ነው። ፍርድ ቤት ገብቶ ክርክር ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ሕግ ላጥና ሲልም ያው ነው። ሙያውን ሳይሆን የሙያውን ወሬ ነው የሚመርጡት።

ለዚህ ነው የሙከራ ኮርሶች ይኑሩን የምለው። ምን ማለቴ እንደሆነ ላስረዳ። ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ላሉ ልጆች፣ ከመደበኛው ትምህርት ውጪ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል የሚሰጥ አጭር ኮርስ ነው። አንዱ ኮርስ ስድስት ሳምንት ቢቆይ ይበቃል። ልጁ ራሱ ይመርጣል። አልፈልግም ካለም አይገባም። አንዱን ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ፈተና የለውም፣ ማርክ የለውም፣ ካርድ ላይ አይጻፍም።

ማርክ የለውም ስል አንዳንድ ባልደረቦቼ ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ። "ማርክ ከሌለው ማን ይመጣል?" ትሉ ይሆናል። እኔ በዚህ አልደራደርም። ማርክ ያለው ነገር ላይ ልጅ የሚመርጠው ቀላሉን ነው። የሚጠይቀውም "ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?" ብሎ ነው። ኮርሱን ያሰብነው ደግሞ ልጁ የማይችለውን ነገር ሳይፈራ እንዲነካ ነው። ስድስት ሳምንት ሞክሮ "ይህ ለእኔ አይደለም" ብሎ ቢወጣ እንኳ ትልቅ ነገር አግኝቷል። ያን ነገር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ከሚያውቀው አሁን ቢያውቀው ለእሱም ለቤተሰቡም ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ከጥቂት ልጆች ጋር በትርፍ ሰዓት የሞከርነው ነው። ርዕሱን "ግንቡ በምን ቆመ?" አልነው።

ሁላችንም የፋሲል ግንብን እያየን ነው ያደግነው። አጼ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ የቆመ ድንጋይ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዘው ግን ምንድን ነው? ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል የምናስተምረው ኬሚስትሪ ነው። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ይባላል። 900 ዲግሪ አካባቢ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጡ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። በዚያ ላይ ውኃ ሲጨመር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ይህ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባል። ከዚያ ቀስ እያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ይህን በሰሌዳ ላይ ብጽፈው ልጆቹ ገልብጠው ይሄዳሉ። እኛ ግን ኖራውን አመጣን። ውኃ የመጨመሩን ሥራ ራሴ ሠራሁት። ያልጠፋ ኖራ፣ ማለትም ተቃጥሎ ገና ውኃ ያልነካው፣ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል በቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም። ልጆቹ ራቅ ብለው ቆሙ። ውኃው ሲነካው ፈላ፣ እንፋሎት ወጣ፣ ብረት ጣሳው በእጅ የማይያዝ ሆነ። "እሳት የት አለ?" አለ አንዱ። እሳት የለም። ሙቀቱ የመጣው ከኬሚካል ለውጡ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው "ሙቀት አመንጪ" የሚለው ቃል ያን ቀን ነው የገባቸው።

ቀጥለን የጠለለ የኖራ ውኃ ብርጭቆ ውስጥ አድርገን በስትሮ ቀስ ብለው እንዲተነፍሱበት አደረግን። ወደ ላይ እንዳይስቡት አስጠንቅቀን፣ አጠገባቸው ቆመን ነው። ኩልል ያለው ውኃ ደፈረሰ፣ ነጣ። ከሳንባቸው የወጣው አየር ኖራውን ወደ ድንጋይነት ሲመልሰው በዓይናቸው አዩ። ይህን ጊዜ ኬሚስትሪ ላይ ብዙም ውጤት የሌላት፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ታዲያ ግንቡ እስካሁን እየጠነከረ ነው?" አለችኝ።

በማስተማር ዘመኔ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህ አንዱ ምርጥ ነው። ኖራ የሚጠነክረው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። አየር ወደ ውስጥ የሚገባው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ግድግዳው ወፍራም ሲሆን ሥራው ዓመታት ይፈጃል። ይህን አልነገርኳትም። "እስቲ እንዴት ማወቅ እንችላለን?" ብዬ መልሼ ጠየቅኳት። የሚቀጥለውን ሳምንት የወሰደው የእሷ ጥያቄ ነው። የተለያየ ውፍረት ያላቸው የኖራ ጡቦች ሠርተው፣ እየሰበሩ የውስጡን ከውጪው ጋር አወዳደሩ።

ከዚያ የታሪክ መምህሩ ገባ። በጣሊያን ዘመን ግንቡ ሲጠገን ሲሚንቶ እንደገባበት፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ደግሞ ወደ ኖራው እንደተመለሱ ነገራቸው። ለምን? ሲሚንቶ ጠንካራ አይደለም እንዴ? ነው። ግን እርጥበት አያስተነፍስም። ውኃው ግድግዳው ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ይጎዳዋል። ልጆቹ ክርክር ያዙ። አንዱ ቅርስ ጥገና የሚባል ሙያ መኖሩን ያን ቀን ነው የሰማው። በዚያ ክፍል ውስጥ ኬሚስትሪውና ታሪኩ የቱ ጋ እንደሚለያዩ መናገር አይቻልም ነበር። ናቹራልና ሶሻል የምንለው አጥር እኛ ያጠርነው እንጂ ግንቡ ላይ የለም።

ሁሉም ወደደው ማለቴ አይደለም። አንዱ ልጅ በሁለተኛው ሳምንት "ቲቸር፣ አቧራው አልተመቸኝም፣ ኮምፒውተር ይሻለኛል" ብሎ ወጣ። ጥሩ አደረገ።

እንግዲህ ጎንደር ለእንዲህ ያለ ነገር የተመቸች ከተማ ናት። ሌላው ከተማ የሌለው አስተማሪ እኛ ጋ በየሰፈሩ አለ። ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው፣ ቀለም በጥብጠው የሚጽፉ አባቶች አሉን። የፍየል ቆዳ ተነክሮ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ የሚጻፍበት እስኪሆን ያለው ሥራ ባዮሎጂም ኬሚስትሪም ሥነ ጥበብም ነው። ወለቃ የሸክላ ሥራ አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ የመላእክቱ ሥዕል አለ። ሥዕል የሚወድ ልጅ እዚያ ቆሞ አንድ ሰዓት ቢስል ብዙ ይማራል። ሰሜን ተራሮች ዋሊያና ጭላዳ የሚያውቁ አስጎብኚዎች አሉን። ከመተማ በኩል የሚመጣውን ሰሊጥ የሚገዙና የሚሸጡ ነጋዴዎች አሉን። ስለ ዋጋና ስለ ገበያ ከእነሱ ስድስት ሳምንት የተማረ ልጅ ኢኮኖሚክስ ላይ ምን ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣ አስቡት።

ሆስፒታሉም አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ እዚህ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። የጤና መኮንኖቹ፣ ነርሶቹና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎቹ አንድ ቡድን ሆነው ገጠር ወርደው እየሠሩ ነበር የሚማሩት። ዛሬ ዶክተር ሁን የምንለው ልጅ ይህን ታሪክ ያውቃል? ማይክሮስኮፕ ውስጥ የወባ ተህዋስ አይቶ ያውቃል? ጤና ማለት ሐኪም ብቻ እንዳልሆነ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ አዋላጅነት፣ የውኃ ንጽህና የሚባል ሰፊ ሥራ እንዳለ ማን ነገረው?

የአብነት ትምህርቱንም ላንሳ፣ ምክንያቱም ከሩቅ ሳንሄድ እዚሁ የምንማረው ነገር አለ። የቆሎ ተማሪ ንባቡንና ዳዊቱን ከጨረሰ በኋላ ዝና ሰምቶ መምህር ፍለጋ ይሄዳል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅኔ ጎጃም፣ ለአቋቋም እኛው ጎንደር። አኩፋዳውን ይዞ አገር አቋርጦ የሚሄደው ራሱ ፈልጎ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ጀማሪ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ለመምህሩ ያሰማል፣ ይታረማል፣ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ከአስር ስንት አገኘህ የሚለው የለም። ከዚያ ሥርዓት ስንት ሊቅ እንደወጣ ለጎንደር ሰው አልነግርም።

ውጭ አገርም ይህን የሠሩበት አሉ። ደቡብ ኮሪያ ፈተና የሚበዛባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 በሙከራ ጀምራ በ2016 በመላው አገሪቱ ነፃ ሴሚስተር የሚባል አስገባች። በመካከለኛ ደረጃ ያሉ ልጆች አንድ ሴሚስተር ያለ ጽሑፍ ፈተና ሙያዎችን እየዞሩ ይሞክራሉ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ለ15ና ለ16 ዓመት ልጆች እንዲህ የሚሞክሩበት አንድ ሙሉ ዓመት ሰጥታለች። በአብዛኛው ትምህርት ቤት በፈቃድ የሚገባበት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤም.አይ.ቲ. የሚባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዓመት አንድ ቅዳሜና እሁድ ለሃይስኩል ልጆች የፈለጉትን ነገር ያስተምራሉ። ስፕላሽ ይሉታል። ይህኛው ለእኛ ይቀርባል። ማራኪ፣ ቴዎድሮስና ፋሲል ግቢ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሃይስኩሎቻችን ሩቅ አይደሉም።

እኛም አገር ቢሆን ጭራሽ አዲስ አይደለም። እዚህ ያላችሁ ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ። በንጉሡም በደርግም ጊዜ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በሚባሉት ትምህርት ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ፣ ባልትና፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪና ትምህርት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ሲመጣ ሙያው ከአስረኛ ክፍል በኋላ ወደ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሄደ። ሃይስኩሉ ንጹህ የቀለም ትምህርት ብቻ ሆነ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃን መልሶ አራት ዓመት አድርጎታል። አስረኛ ክፍል ላይ የነበረውም ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ላይ ትንሽ መተንፈሻ ተገኝቷል ማለት ነው። ያቺን ጊዜ እንጠቀምባት ነው የምለው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። መድረክ ላይ ሳልወጣ ገና አንድ አባት በር ላይ ያዙኝና "ልጆቹ ዋናውን ትምህርት መች ቻሉትና ነው ሌላ የምትጨምሩባቸው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ ጦርነት፣ በክልላችን ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትምህርት ተቆራርጧል። ያላየነው መከራ የለም።

እኔ የሙከራ ኮርስ የፈተና ውጤት ያሳድጋል ብዬ ቃል አልገባም። እንደዚያ ብዬ ባታልላችሁ ደስ አይለኝም። ግን እስቲ ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት። ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ያንን ፈተና አያልፉም። ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የሚገቡ አሉ። የቀሩትስ? 12 ዓመት ተምረው ሲወጡ በእጃቸው ምን አለ? አራት ዓመት ሙሉ ለአንድ ፈተና ብቻ አዘጋጅተናቸው፣ ፈተናው ሲያመልጣቸው ሁሉም ነገር ያመለጣቸው ይመስላቸዋል። ኤሌክትሪክ መስመር መዘርጋት እንደሚወድ፣ ወይም ልብስ ቅድ ላይ እጇ እንደሚፈታ፣ ወይም ሰው ማስተማር እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ ሞክሮ ያየ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ የሚሄድበት አቅጣጫ ይኖረዋል። ቴክኒክና ሙያ ሲገባም ተገፍቶ ሳይሆን አውቆ ይገባል። ይህን ልዩነት በልጆቹ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

ጊዜውንም ቢሆን 12ኛ ክፍልን አትንኩ፤ እኔም አልነካም። የምጠይቀው ዘጠነኛና አስረኛ ላይ በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። ልጆቻችን ስልክ ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ማን ይቀራል የሚለው ነው። ብዙዎቻችን "ቅዳሜ ይሁን" እንላለን። ቅዳሜ ግን ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች የሉም። ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ። እሁድ ማታ ነው የሚመለሱት። ቅዳሜ ካደረግነው ኮርሱ የከተማ ልጆች ብቻ ይሆናል። ዕድሉን በጣም የሚፈልገው ደግሞ ያ ስንቅ ተሸክሞ የሚመላለሰው ልጅ ነው። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ በተቃራኒ ፈረቃ ይሁን። ጠዋት የሚማረው ከሰዓት፣ ከሰዓት የሚማረው ጠዋት።

ሴት ልጆችም አሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውኃ ይጠብቃቸዋል፣ ወጥ ይጠብቃቸዋል፣ ትንንሽ ወንድሞቻቸው ይጠብቋቸዋል። እናቶች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው፤ አባቶችም ስሙኝ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት ልቀቋት። ያን ቀን ውኃውን ወንድሟ ይቅዳ። ምርጫው ለሁሉም ክፍት ነው ብለን ለጥፈን ግማሹ ልጅ ቤት ከቀረ ክፍት አይደለም።

የመምህራኑን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የመምህር ደሞዝ የት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በነፃ ሥሩ ብዬ ባልደረቦቼን አልጠይቅም። የሚያስተምር መምህር ከክፍለ ጊዜው ሊቀነስለት ወይም በወላጅ ኮሚቴው በኩል ሊታሰብለት ይገባል። ዕቃ ግን ብዙ አያስፈልግም። ከኖራው፣ ከጣሳውና ከስትሮው ሌላ ያወጣነው ወጪ የለም።

ክበባት አሉን የሚሉም አሉ። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ የተፈጥሮ ጥበቃ፣ ሥነ ጽሑፍ። ጥሩ ናቸው፣ ይቀጥሉ። ክበብ ግን ልጁ አስቀድሞ የሚወደውን ይዞ የሚገባበት ነው። ሚኒ ሚዲያ የሚገባው መናገር የማይፈራው ልጅ ነው። እኔ የምፈልገው መናገር የሚፈራው ልጅም ስድስት ሳምንት ማይክ ይዞ እንዲያየው ነው።

ኮርሶቹን ማን ይምረጥ? ልጆቹን እንጠይቅ። እኔ የጥያቄ ወረቀት በትኜ ነበር። ያገኘሁት መልስ እኛ መምህራን ተሰብስበን ከምናወጣው የተለየ ነው። የሞባይል ጥገና ጠይቀዋል። ፊልም ቀረጻ፣ ንብ ማነብ፣ ኮዲንግ ጠይቀዋል። "ፍርድ ቤት ምን ይመስላል" ያለ አለ። አንድ ልጅ "አውሮፕላን ለምን አይወድቅም" ብሎ ብቻ ጽፏል። አዘዞ አጠገብ ነው የሚኖረው፣ ሲያርፍና ሲነሳ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ለእሱ የፊዚክስ መምህርና ኤርፖርቱ ላይ የሚሠራ ሰው ቢገናኙለት ኮርሱ ተዘጋጀ ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግንበኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ልብስ ሰፊ፣ ሾፌር፣ ጠበቃ፣ ገበሬ አለ። በር ላይ አንድ መዝገብ ተቀምጧል። ስማችሁን፣ ሙያችሁንና በሳምንት የትኛው ቀን ሁለት ሰዓት እንደሚመቻችሁ ጻፉበት። ማስተማር አልችልም የሚል ካለ ችግር የለም፣ አንድ መምህር አብሮት ይቆማል። የጥቅምት ወር ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹን አራት ኮርሶች እንጀምራለን። የኖራውን እኔ ይዣለሁ። የሞባይል ጥገናውን የሚይዝልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው።